ከመጽሐፉ ማዶ

እሑድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሁሉም መሶቡን ከቦ ተቀምጦ ጸሎቱ ሊጀመር ሲል፣ አለበል ብድግ አለና ቀኝ እጁን ወደ ጣሪያው ቀጥ አድርጎ ዘረጋ። የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ሁለት ሦስት ቃል በጣልያንኛ ጮክ ብሎ ተናገረ፤ ተመልሶም ተቀመጠና ምንም እንዳልተፈጠረ እጁን ወደ እንጀራው ሰደደ። እናቱ ሥራነሽ የያዘችው ጭልፋ ከድስቱ አፍ ላይ እንዳለ ቀረ። አባቱ ደምለው፣ በጣልያኖቹ ጽሕፈት ቤት አስተርጓሚ የሆነው፣ ልጁን ሳይሆን ወጡን አየ። የደምለው ታላቅ እኅት አሰገደች ከልጇ ጋራ ለምሳ ተጠርታ ነበርና፣ አሁን አንዱ አንድ ነገር ይናገራል ብላ ጠበቀች። ምሳው ተበላ፤ ስለ ኅዳር ብርድ፣ ስለ አዲሱ ጤፍ፣ ስለ በርበሬ መወደድ ተወራ። ስለ እጁ ግን አልተወራም። አሰገደችን ያናደዳት የልጁ ነገር አልነበረም፤ ልጅ ያየውን ያደርጋል። ያናደዳት አፍ የሌለው የሚመስለው ወንድሟ ነው። ወደ ቤቷ ስትመለስ ደግሞ የሰባት ዓመቷ ልጇ ሽታዬ፣ ከአንድ አጥር ሥር ለቆመ አህያ ቀጥ ብላ እጇን ዘረጋችለት። አህያው አልመለሰላትም። አሰገደች ልትስቅ ፈለገችና ሳቁ እንባ እንባ አላት።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። የአሰገደች ባል ውበቱ "በቅሎ ልነግድ" ብሎ ከወጣ ስድስት ወሩ ነው። በቅሎ የሚነግድ ሰው ጠመንጃ ተሸክሞ በሌሊት እንደማይወጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ቢሆንም ሰፈሩ ሁሉ ባገኛት ቁጥር "የበቅሎው ንግድ እንዴት ሆነ?" እያለ ይጠይቃታል፤ እሷም "ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች። በዚያው ሰፈር ለትምህርት የደረሱ ልጆች ያሏቸው አራት እናቶች አሉ፤ አንዷ አሰገደች ናት። ጣልያኖቹ የከፈቱት፣ አለበል የሚማርበት ትምህርት ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ አለው፣ ወንበር አለው፣ ለየልጁ ደብተር አለው፣ በየቀኑ ዳቦ ይታደልበታል። ሌላው የየኔታ ገብረ ኪዳን ትምህርት ቤት ነው፤ ስለሱ የሚታወቀው ከደብሩ አጥር ጀርባ መሆኑና ሰውየው ዓምና ከጉንደ ወይን በኩል መምጣታቸው ብቻ ነው። ልጅን የሚያህል ነገር ደግሞ ሳያዩ አይሰጥም። የሸማኔው ሚስት አመተ ማርያም፣ ድምፅዋ ሦስት ቤት የሚያልፈው፣ "አሰገደች ትሂድና ትይልን፤ የሷ ዓይን አይሸነገልም" አለች፤ ሌሎቹም ተስማሙ። አሰገደች ጤፍ ነጋዴ ናት። ገበሬ ስልቻውን ከፍቶ ሲያቀርብላት ላዩን አታይም፤ ላዩን ማንም ያሳምራል። ክንዷን እስከ ብብቷ ከትታ ከታቹ ዘግና ታወጣለች። በዚህ ዓይነት ዐሥራ አንድ ዓመት ስትገዛ አንድ ቀን ገለባ ገዝታ አታውቅም፤ ይኸንንም ሰው ካልጠየቃት እሷው ታስታውሳለች።

ሰኞ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ትምህርት ቤት የተባለው ከግንብ ጋራ የተለጠፈ ዳስ ነው፤ ክዳኑ አዲስ ሣር፣ ወለሉ ጭድ የተነሰነሰበት። ከመግባቷ በፊት በዓይኗ ዞረችው። የውኃው እንስራ ክዳን አለው፤ ደግ። የልጆቹ ዓይን ንጹሕ ነው፣ ዝንብ አልሰፈረበትም፤ ደግ። ከምሰሶው ላይ አለንጋ ተሰቅሏል። ጠጋ ብላ አየችው፤ አቧራ ለብሷል፤ ሸረሪትም አድርታበታለች። ይኸንን ከሁሉ አብልጣ ወደደችው። ዐሥራ አንድ ልጆች ነበሩ፤ አራቱ ገና ፊደል ቆጣሪዎች ናቸውና ከበሩ አጠገብ የፊደል ገበታቸውን ይዘው ይጮኻሉ። ሰባቱ ንባብ የገቡት፣ ጭዱ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ መካከላቸው አትሮንስ ላይ አንድ ዳዊት ተዘርግቷል። የኔታ ገብረ ኪዳን ቀጭን፣ ጢማቸው የሳሳ፣ ሲናገሩ ጉልበታቸውን የሚያሹ ሰው ናቸው። አጎዛ አነጠፉላት።

"የኔታ፣ እኛ ሰፈር ልጆች አሉ፤ ልይ ብዬ ነው የመጣሁ" አለቻቸው።

"ማየት ደግ ነው። ላሟን ሳያይ የሚገዛ የለም" አሉ።

ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም ሳይቀየሙ መለሱላት። ፊደል፣ ከዚያ ንባብ፣ ከዚያ ዳዊት፤ ከዚያ ወዲያ የእግዜር ፈንታ ነው አሉ። ስንት ጊዜ ይፈጃል ስትላቸው እንደ ልጁ ነው አሉ። ሴት ልጅ ይቀበሉ እንደሆን ስትጠይቅ በአገጫቸው ወደ ክቡ አመለከቱ፤ ሁለት ሴቶች አሉ። ዳቦ እንደማይሰጡ ራሳቸው ቀድመው ነገሯት። "ቆሎ ይዘው ይመጣሉ፤ እኔም አብሬ እቃመሳለሁ" አሉና ፈገግ አሉ። በመጨረሻ ይመቱ እንደሆን ጠየቀቻቸው። የኔታ ጉልበታቸውን አሹ። "ድሮ እመታ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ሲቃጠል ካየሁ ወዲህ እጄ አልነሣም አለኝ። መጻሕፍቱ ሁሉ እዚያው ነደዱ። ይህችን ብቻ በብብቴ ይዤ ወጣሁ" አሉ ዳዊቱን እያዩ። አሰገደች አዘነችላቸው። ሰውየውን እንደወደደቻቸው አወቀች፤ በገበያ ልማዷ ደግሞ ሻጩን ስትወድ ይበልጥ ትጠነቀቃለች።

የኔታ ትልቁን ልጅ ድረስን አስነበቧት። ድረስ ከሳቸው አጠገብ፣ ከመጽሐፉ ግርጌ ነው የሚቀመጠው፤ ሳይደናቀፍ እንደ ወራጅ ውኃ አነበነበው። አሰገደች ፊደል አልቆጠረችም፤ ልጅ ሳለች ወንድሟ ሲማር እሷ ትፈጭ ነበር። እንዲህ ያለው ንባብ ግን ደስ እንደሚል ታውቃለች። ይኸ የስልቻው አፍ ነው አለች በልቧ። "የኔታ፣ ይቅርታዎን፤ እኔ እህል ገዢ ነኝ፣ ከታች ያለውንም ልይ" አለች። የኔታ ሳቁ። ከማዶ፣ ከሁሉ ያነሰችውን ወለተ ሐዋርያትን ጠሩ፤ ከተቃጠለው አገር ከሳቸው ጋራ የመጣች፣ እናት አባት የሌላት፣ ጸጉሯን ቁንጮ የተላጨች ልጅ ናት። ዳዊቱን በሁለት እጇ አቅፋ መጣችና ከአሰገደች ጎን ተቀመጠች፤ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አመቻቸችና ጣቷን እየሰደደች ታነብ ጀመር። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ አልተሳሳተችም። አሰገደች ግን ሌላ ነገር አየች። ከንባቡ ጎን ባለው ገጽ ንጉሡ ዳዊት በገናውን ይዞ ተስሏል፤ ዘውዱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ ነው። ልጅቷ መጽሐፉን ዘቅዝቃ ይዛዋለች። ዘቅዝቃ ይዛ ታነባለች! አሰገደች ወደ የኔታ ቀና አለች፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በደስታ ይሰማሉ።

ቢሆንም ምን ትበል? መምህርን በተማሪዎቹ ፊት ማዋረድ ነውር ነው። ልጅቷ የሰማችውን በቃሏ ታንበለብላለች፣ ሰውየው ደግሞ አያርሟትም፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማየት አለ። ወለተ ሐዋርያትን ግንባሯን ሳመቻት፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን ሽንብራ ለየኔታ ሰጠችና ወጣች። እስከ ገበያው ድረስ ልቧ ከበዳት። ብትችል አለንጋው ላይ ያየቻትን ሸረሪት ብቻ ተናግራ ዝም ባለች ነበር።

አመተ ማርያም ከጤፍ ተራ ጠበቀቻት። "እህሳ?" አለቻት ገና ከሩቅ።

"ሰውየው ደግ ናቸው። ቤቱም ንጹሕ ነው። ግን ላዩ ጤፍ ነው፣ ታቹ ገለባ" አለችና ያየችውን ነገረቻት።

"ንጉሡን ዘቅዝቃ!" አመተ ማርያም ደረቷን መታች። "እንግዲያማ ዳቦው ይሻላል። የኔዎቹ ቢያንስ ሆዳቸው ይሞላል። ለሌሎቹም እነግራቸዋለሁ።" ለመንገር ጀርባዋን አዙራ ሄደች፤ እሷ የያዘችው ወሬ ደግሞ አያድርም።

አሰገደች ጤፏን ለጎረቤት አደራ ብላ በምሳ ሰዓት ወደ ወንድሟ ቤት አቀናች። ሽታዬን ጣልያኖቹ ዘንድ የሚያስመዘግብላት ሌላ ሰው የለም። እግሯ ግን አልሄድ አላት። በሷና በደምለው መካከል ከመስከረም ጀምሮ አንድ የማይነሣ ነገር አለ። በመስከረም አንድ ማለዳ ሥራነሽ ከሁለት ተሸካሚዎች ጋራ መጥታ፣ "ባለቤቴ አጥር ሊያድስ ነው" ብላ፣ ሳትጠይቅ፣ ከአሰገደች ጓሮ የነበረውን የእንጨት ክምር በሙሉ አስጭና ወሰደችው። ውበቱ ሲወጣ የጥይት ዝናሩን የሸሸገው እዚያው ክምር ውስጥ ነበር። አሰገደች መናገርም መከልከልም አልቻለችም፤ ቆማ አየች። በማግሥቱ ወታደሮች መጥተው ቤቷን ከጣሪያ እስከ ምድጃ በረበሩት፤ ምንም አላገኙም። እግዚአብሔር ጠበቀኝ አለች። ወንድሟ ዝናሩን ያግኘው አያግኘው እሱ አልተናገረም፣ እሷም አልጠየቀችም። ጠልፎ የወሰደው እንጨት ግን ያንገበግባት ነበር፤ ለጣልያን ያደረ ሰው ከእኅቱ ጓሮ እንጨት ያምረዋል እያለች ብቻዋን ስታወራ ሽታዬ ሰምታታለች። በየእሑዱ ለምሳ ትጠራለች፣ በየእሑዱ ትሄዳለች፣ ስለ በርበሬ ያወራሉ።

ደምለው ጠረጴዛ ላይ ነው የሚበላው፤ የሥራ ቀን አመሉ ነው። ሥራነሽ እጁን እያስታጠበችው አገኘቻቸው። አሰገደች ከፊት ለፊቱ ካለው በርጩማ ተቀመጠችና፣ "ሽታዬን አስመዝግብልኝ፤ አለበል ካለበት" አለች በአጭሩ። ደምለው ቀና ብሎ አያት። ደስ ያለው አይመስልም። "ያንቺ ወረቀት ያስፈልጋል" አለ። ከጡቷ ሥር ከቋጠረችው ጨርቅ የይለፍ ወረቀቷን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ያለዚህ ወረቀት ከከተማ ወጥቶ እህል መግዛት ክልክል ነው። ከራስጌው የንስር ማኅተም አለው፤ ማንበብ ባትችልም ወረቀቱን በንስሩ ራስ ነው የምታቃናው፤ ለራሷ አቅንታ አኖረችው። ደምለው እጁ ውኃ ስለሆነ አልነካውም። ከተቀመጠበት ዓይኑን ጣል አደረገና "ወይዘሮ አሰገደች ወልደ ሚካኤል፤ እህል ነጋዴ፤ እስከ ደጀን ድረስ ሄዳ ለመመለስ የተፈቀደላት፤ እስከ ታኅሣሥ ሠላሳ" ብሎ አነበበው። ቃሉ ልክ ነው፤ ወረቀቱ ሲሰጣትም እንዲሁ ነበር የተነበበላት።

አሰገደች ንስሩን አየችው። ራሱ ወደሷ ነው። ወደ ወንድሟ በኩል ተዘቅዝቋል።

"ደምለው፣ ወረቀቱ እኮ ለኔ ነው የተቃና" አለች።

"እና?"

"አንተ ተዘቅዝቆብሃል። እንዴት አነበብኸው?"

ደምለው እጁን በፎጣ እያደረቀ ሳቀ፤ ከመስከረም ወዲህ ሲስቅ ያየችው ያን ቀን ነው። "አንቺ ስትፈጪ የት ታይኛለሽ፣ እታለም። መርጡለ ማርያም ስማር መጽሐፉ አንድ፣ እኛ ስምንት ነበርን። ታላላቆቹ ከየኔታ ጋራ በግርጌው ይቀመጣሉ፤ ቀሪው ዙሪያውን ይቀመጣል። እኔ ትንሹ ስለሆንሁ በአናቱ በኩል፣ ከማዶ ደረሰኝ። እንዲያው ተዘቅዝቆ ነው ፊደልን ያወቅሁት። ዳዊት ደግሜ ሌላ ቤት ሄጄ ተቃንቶ ሲሰጡኝ ማንበብ አቃተኝና ገልብጬ ያዝሁት። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። አሁን ሁለቱንም እችላለሁ፤ አሥመራ የለመድሁትን የፈረንጁንም ጭምር።"

አሰገደች ፊቷ ጋለ። ወለተ ሐዋርያት ከማዶ ተነሥታ መምጣቷ፣ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ስታመቻች ለሷ ልክ በሆነው በኩል ማዞሯ፣ የየኔታ ጭፍን ዓይን፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣባት። ገለባ ያለችው ጤፍ ነበር። ያውም ለአመተ ማርያም ነግራ! ዐሥራ አንድ ዓመት ያልተሳሳተች ሴት በሰው ልጆች ላይ ተሳሳተች። ጠዋት ያየችውን ሁሉ ለወንድሟ ነገረችው፤ ሥራነሽም ለአለበል ምሳ ልታደርስ ወጣች።

ደምለው ሲሰማ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። "የኔታ ገብረ ኪዳን ነው ያልሽ?" አለ። በሩን አየ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አለቃዬ ካፒቴኑ ወረቀቱን ለራሱ አቅንቶ ነው ጠረጴዛው ላይ የሚያኖረው። እኔ ከማዶ ቆሜ የሰውን ቃል አስተረጉማለሁ። ዓይኔ የት እንዳለ አስቦት አያውቅም። ነገ ማለዳ የደብሩን አካባቢ ይፈትሻሉ። በዝርዝሩ ሰባተኛው መስመር ላይ የኔታ አሉ፤ ለሸፈተ ሰው ደብዳቤ ይጽፋሉ ተብለው። መጽሐፍ፣ ቀለም፣ ብራና ካገኙ ይወስዷቸዋል።"

አሰገደች ከመስከረም ጀምሮ የተከመረባት እንጨት ሁሉ ከላይዋ ሲወርድ ተሰማት።

"እንጨቱ" አለች።

"አጥሩን አላደስሁበትም" አለ ደምለው። "ዝናሩ ከባለቤቱ ዘንድ ደርሷል።"

"ልጅህስ? እሑድ እጁን ሲዘረጋ?"

ደምለው ወደ ሳህኑ አጎነበሰ። "የኔን ልጅ እዚያ ካላዩት እኔን ይጠረጥሩኛል። ነገሩ ቆርሶ የሚበላው ሆዴን ነው፣ እታለም። ምን ልበል ብለሽ ነው?" አለ። አሰገደች ተነሥታ ዞረችና፣ ትልቅ ሰው የሆነውን ወንድሟን እንደ ልጅነቱ አናቱን ሳመችው። ወረቀቷን አነሣች። ሽታዬን ስለማስመዝገብ ሁለቱም ደግመው አላነሡም።

ከቤቷ ስልቻና ሁለት ቁና ጤፍ ያዘች፤ የሽታዬን እጅ ጨበጠች። የአመተ ማርያምን ደጅ ሳትረግጥ ማለፍ ትችል ነበር፤ አላለፈችም። "ተሳስቻለሁ" አለቻት ከደጅ ቆማ። አመተ ማርያም የምታባዝተውን ጥጥ ጣለች፤ አሰገደች ተሳሳትሁ ስትል የሰማ ሰው በሰፈሩ የለም። "ምኑን?" ብትላት "ልጅቷ ታነባለች። የተሳሳትሁ እኔ ነኝ፤ ዓይኔ ነው። ለሌሎቹም ይኸንኑ ንገሪልኝ። የኔን ዛሬውኑ እየወሰድኋት ነው" አለች። ለምን እንደሆነ ልትጠይቅ አመተ ማርያም አፏን ስትከፍት አሰገደች መንገድ ጀምራ ነበር። ከኋላዋ ስትሰማ አመተ ማርያም ለጎረቤቷ ጮክ ብላ "ዓይኔ ነው አለች! በጆሮዬ ሰማሁ!" ትላለች። ይበለኝ፣ ይገባኛል አለች አሰገደች በልቧ።

ትምህርት ቤቱ ገና አልተበተነም። የኔታን ወደ ግንቡ ጥግ ወሰደቻቸውና በጆሮአቸው ነገረቻቸው። ማን ነገረሽ አላሉም። ወደ ዳሱ ተመለሱ፣ የተቀመጡበትን አጎዛ ገለጡ፣ ከሥሩ የቀለም ቀንድና ጥቂት ብራና አወጡ። አሰገደች ስልቻውን ከፈተች፤ ቀለሙና ብራናው ከጤፉ በታች ገቡ። ዳዊቱ ብቻ ቀረ። የኔታ ሊያነሡት እጃቸውን ሰደዱና ልጆቹን አይተው መለሱት። "ይህችን ገጽ ይጨርሱ" አሉ። ከዚያ ሽታዬን አዩአት፤ ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ክቡን ታያለች።

"ያንቺ ናት?"

"የኔ ናት። እንዲያስተምሩልኝ ነው።"

"ለዛሬው ውለታሽ ከኔ አጠገብ ትቀመጣለች፤ በግርጌው፣ ተቃንቶ በሚታየው" አሉና ድረስን ፈቀቅ እንዲል በእጃቸው ጠቆሙት።

"የለም የኔታ" አለች አሰገደች። "ከማዶ ያስቀምጡልኝ። በአናቱ በኩል።"

"እዚያ አስቸጋሪ ነው፣ ልጄ። አንገት ያጣምማል፤ ፊደሉም ተዘቅዝቆ ነው የሚታይ። እዚያ የሚቀመጠው ቦታ ያጣ ነው።"

"አውቃለሁ፤ ይጣመምላት። እዚያው ነው የምፈልገው።"

የኔታ ገብረ ኪዳን በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽታዬ የእናቷን ቀሚስ ለቃ ክቡን ዞረች። ወለተ ሐዋርያት ፈቀቅ አለችና ጭዱን በእጇ ጠፍጥፋ ቦታ ሰጠቻት።